ከጆሮዬ ጀርባ ያለው ቦታ

ሰኞ

ዛሬ ልጄ አፍንጫዬን በአባቷ ሸሚዝ ብብት ውስጥ ቀብሬ አገኘችኝ። ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬ ነበር፤ ግን ለገዛ ደብተሬ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው? ሸሚዙን ከቆሻሻ ልብስ ቅርጫት አውጥቼ፣ ፊቴ ላይ ለጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ውስጥ ስስብ እሷ በሩ ላይ ቆማለች።

"ማሚ፣ ደህና ነሽ?"

"ለሥራ ነው።"

"እንዴት ያለ ሥራ ነው ባክሽ?" ብላ የራሷን ሹራብ ከቅርጫቱ ነጥቃ ሄደች። ቀጥሎ የእሷ ተራ የሚደርስ መስሏት ይሆናል።

ግን እውነቴን ነው፣ ለሥራ ነው። የትዳር ዓምድ የምጽፍበት መጽሔት አዘጋጅ በስብሰባ ላይ በሰው ሁሉ ፊት፣ "ተነጋገሩ፣ ተቻቻሉ የሚለው ምክርሽ ሰዉን ሰልችቶታል። ሳይንስ አምጪልን። ወንድና ሴት ምን ሆነው ነው የሚፈላለጉት? አንዱን አይቶ ልብ የሚደነግጠው፣ ሌላውን አይቶ ዝም የሚለው ለምንድን ነው? ለአራት እትም የሚሆን አዘጋጂልን" አለኝ። እኔም አፌን ሞልቼ እሺ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ትዳር ውስጥ ገብቼ ስፈተፍት የኖርኩ ሴት ይህ ይከብደኛል?

ወዲያው ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምሩት የሥነ ሕይወት መምህርት ደወልኩ። ድሮም የማላውቀው ሳይንስ ሲገጥመኝ የማስቸግረው እሳቸውን ነው። እንዲህ አሉኝ፦ ተመራማሪዎች ወንዶችን ካናቴራ አልብሰው አሳደሯቸው፤ ከዚያ ካናቴራዎቹን ለሴቶች ሰጥተው አስሸተቷቸው። ሴቶቹ ደስ ይላል ያሉት በአብዛኛው በሽታ የመከላከል ተፈጥሮው ከራሳቸው የተለየውን ሰው ሽታ ሆኖ ተገኘ። ሰውነት ሳናውቀው ለሚወለደው ልጅ እያሰበልን ይሆናል የሚል ግምት አለ። "ግን" አሉ፣ አመሌን ያውቁታልና፣ "ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች እርስ በርስ አይስማሙም። እንዳታጋንኚው፣ ልጄ።"

አላጋንንም አልኳቸው።

ሽታ ሲነሳ ደግሞ እኔ ቤት ባለሙያ አለ። ባሌ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ መዓዛ ቀማሚ ነው። አንዱ ሳሙና ሎሚ ሎሚ፣ ሌላው ጽጌረዳ ጽጌረዳ እንዲል የሚያደርገው እሱ ነው። ባልደረቦቹ በስሙ አይጠሩትም፤ "አፍንጫ" ነው የሚሉት። ከሥራ ሲገባ ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ አፍንጫውን ከጆሮዬ ጀርባ ይሰካና ቀኔን ይነግረኝ ነበር። "ፀጉር ቤት ነበርሽ። ሽንኩርት ልጠሻል። ደግሞ ከሰው ተጣልተሻል።" ጠብ እንዴት እንደሚሸት እስከ ዛሬ አልገባኝም። አንድ ጊዜ በፋብሪካው የሠራተኞች ግብዣ ላይ በሰው ፊት አድርጎት አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እኔ አፈርኩ ብዬ ገፋሁት። ደስ ብሎኝ ነበር።

በቅርቡ ጉንፋን ከያዘው ወዲህ ግን ትቶታል። መጀመሪያ፣ እንዳያስተላልፍብኝ ነው ብዬ ነበር። ጉንፋኑ ከለቀቀው ግን ሰነበተ።

ሸሚዙ? ሸሚዙ እሱን ይሸታል። ሌላ ምን ብዬ ልጻፈው።


ረቡዕ፣ በጥድፊያ

የመጀመሪያው ጽሑፍ ወጣ። አዘጋጁ ርዕሱን "ፍቅር በብብት ይገባል" ብሎታል። መምህርቷ ደወሉ፤ አልተቆጡም፣ ስልኩ ላይ በረጅሙ ተነፈሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወተት ጥጄ ስልክ ላነሳ ሄድኩ። ስመለስ ወተቱ አርሮ፣ ሽታው ሳሎን ደርሷል። ባሌ ጀርባውን ለምድጃው ሰጥቶ እዚያው ወጥ ቤት ጋዜጣ ያነባል!

"አይሸትህም እንዴ?"

"ምኑ?" አለና ዞሮ አየ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። "ሐሳብ ላይ ሆኜ ነው።"

ምን ያለ ሐሳብ ነው ያረረ ወተት የማያስሸት? ድስቱን ስፈትግ አመሸሁ። ሁለተኛውን ጽሑፍ አልጀመርኩም።


ዓርብ

ፀጉር ቤት። ሁለተኛው ጽሑፍ ተገኘ፤ እግዜር ይስጣቸው።

ፀጉር ሠሪዋ ገና ስታየኝ፣ "እታለም፣ በአንቺ የብብት ወሬ ደንበኞቼ ሊደባደቡ ነበር!" አለች። እውነትም ተነሳ።

"እኔ ሽታ ምናምን አላውቅም" አለች አንዷ ከማድረቂያው ሥር እየጮኸች። "እኔን የጣለኝ ድምፁ ነው። ስልክ ላይ 'ሄሎ' ሲል ለምን እንደደወልኩ ይጠፋኛል።"

"በሄሎ ነው ሦስት ልጅ ያሳቀፈሽ?" አለቻት ጥፍር የምታስሞርደዋ።

"ሄሎውን በደንብ ስለሚል!"

ሳቃችን ሲበርድ ፀጉር ሠሪዋ የእናቷን ነገር አነሳች። "እናቴ በኮረዳነቷ ውበቷ ውፍረቷ ነበር። ወንዱ ሁሉ የሚያወራው ስለ እሷ ነው። አሁን ልጄ ፎቶዋን አይታ ምን ብትል ጥሩ ነው? 'አያቴ በዚያን ጊዜ ታማ ነበር?'"

እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ መዳፌ ላይ ጻፍኩት። መፈለጉን ሰውነት ያመጣው ይሆናል፤ ማንን፣ ምን የለበሰውን፣ ወፍራሙን ወይስ ቀጭኑን የሚለውን ግን ሰፈሩና ዘመኑ ናቸው ጆሮ ላይ የሚያንሾካሹኩት። እኛም የራሳችን ምርጫ ይመስለናል። መምህርቷም በስልክ፣ "ይህቺን ወድጃታለሁ" አሉኝ። በተጨማሪም አብረው አንድ ቤት ውስጥ እንደ እህትና ወንድም ያደጉ ልጆች፣ በሥጋ ባይዛመዱም፣ ሲያድጉ ብዙውን ጊዜ አንዱ ለሌላው ልቡ እንደማይደነግጥ ነገሩኝ። ብዙ አብሮ መኖር እንደዚህ ያደርጋል።

ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እስክሪብቶዬ ቆመ። "በልጅነት" ብዬ ጨመርኩበት። ስለ ልጆች ነው የተባለው።

ፀጉሬን ስታለቀልቀኝ፣ "ያንቺስ ሰውዬ? ያ አፍንጫ?" አለችኝ ፀጉር ሠሪዋ።

"ደህና ነው።"

"አሁንም ያሸትሻል? ወንድ ልጅ ሚስቱን ማሽተት ሲተው እኮ፣ እታለም…"

"ውኃው አቃጠለኝ" አልኳት።

አላቃጠለኝም።


እሑድ

ባሌ አሁን ሥራ ቤት ድረስ ማምጣት ጀምሯል። ትናንሽ ብልቃጦችና ቀጫጭን የወረቀት ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ይጠራኛል። ወረቀቱን ነክሮ መጀመሪያ እሱ ያሸታል፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ለእኔ ይሰጠኛል።

"ይሄ እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው።"

"ጥሩማ አይደለም መልሱ። በቃል ንገሪኝ። ምን ይመስላል?"

"ሎሚ ነዋ። ግን ያደረ ሎሚ። ልጣጩ ብቻ የቀረ።"

እየጻፈ ነው! "ሌላስ? ከሥሩ?"

"ከሥሩ… የሐኪም ቤት ኮሪደር።"

"በጣም በዛ ማለት ነው" አለ ለራሱ።

ስንት ዓመት ስለ ሥራው አንዲት ቃል ጠይቆኝ አያውቅም፤ አሁን በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ። ቅርንፉዱ፣ ባሕር ዛፉ፣ ጽጌረዳው፣ ሎሚው፤ ደጋግሞ እነዚያኑ። ለሁሉም አበባ ጊዜ አለው። አጠገቡ የተቀመጠችዋን ግን ዞር ብሎ አላሸተተም። ጭንቅላታችን ሊጋጭ ደርሶ ነበር እኮ። ክንዱ ክንዴን ነክቶታል። አላወቀውም መሰለኝ።

ደስ ብሎኛል ወይስ ተናድጃለሁ? ሁለቱንም። ነገ ሽቶ እገዛለሁ።


ማክሰኞ

ገዛሁ። ሻጯ፣ "ይሄ ትንሽ ጠንከር ያለ ነው፣ እመቤት" ስትለኝ፣ "እሱኑ ነው የምፈልገው" አልኳት።

ልጄ ከትምህርት ቤት ገብታ ሳሎኑን ሳትረግጥ መስኮቶቹን በሙሉ ከፈተች። "ማሚ፣ ምን ተደፋ?"

ባሌ ገባ። ሳመኝ፤ ጉንጬን፣ እንደ ዘመድ። አጠገቤ ተቀመጠ። "ዛሬ ዝናቡ እንዴት ነበር በእናንተ በኩል?" አለኝ።

ዝናቡ!

ልጄ ከወጥ ቤት አንገቷን አውጥታ አባቷን አየች፣ እኔን አየች፣ አንገቷን መለሰች። ደግ ልጅ ናት።

እና ይኸው፣ የማልፈልገውን ልጻፍ። ከእራት በኋላ በረንዳ ላይ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ማዳመጤ አይደለም፤ ልብስ ላስገባ ነው የወጣሁት፣ ልብስ አልነበረም እንጂ። "ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም" ይላል። "ሚስቴም አታውቅም። ፋብሪካው ከሰማ አለቀልኝ… እሺ። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ።"

በእርስዎ ነው የሚያናግራት! በአንቱታ የሚወሸም ሰው ሰምተን እናውቃለን? ግን ባሌ ነው፣ ያደርገዋል። ሰሞኑን ፋብሪካው አንዲት የኬሚስትሪ ባለሙያ ቀጥሯል፤ ወጣት ናት፣ "ጎበዝ ልጅ ናት፣ ጥሩ አፍንጫ አላት" ሲል ሰምቼዋለሁ። ጥሩ አፍንጫ። በእሱ አፍ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

ለሦስተኛው ጽሑፍ መምህርቷን፣ "አዲስ ሰው ለምን ያምራል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። አእምሮ ገና ያልያዘውን ነገር ሲጠብቅ እንደሚነቃቃ፣ የለመደው ላይ ግን እንደሚረጋጋ አስረዱኝ። "ይህ ለዓምዱ ነው?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ለዓምዱ ነው።"


ቅዳሜ

ዛሬ ሙከራ አደረግሁ። ለዓምዱ።

አንድ የታወቀ ጥናት አለ፦ ከፍ ባለ በሚወዛወዝ ድልድይ ላይ ቆንጆ ሴት ያገኙ ወንዶች፣ ጠንካራ ድልድይ ላይ ካገኟት ይልቅ በኋላ ብዙዎቹ ደወሉላት። ልባቸው የመታው በፍርሃት ነው፤ እነሱ ግን በእሷ መሰላቸው ይላሉ። ባሌ ደግሞ ከፍታ ይፈራል። ስለዚህ በአውራ ጎዳናው ላይ ያለውን የእግረኛ መሸጋገሪያ ድልድይ በእግር እንሻገር አልኩት።

"ለምን? ማዶ ምን አለን?"

"ዳቦ።"

"ዳቦ እኮ ከቤታችን ሥር አለ።"

"የማዶው ይሻላል።"

ዝናቡ ያዘን። ከባድ መኪና ከሥር ባለፈ ቁጥር ብረቱ ይንቀጠቀጣል። ባሌ እጄን ጨምቆ፣ ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ፣ "አንቺ ሴት፣ ዳቦው ወርቅ ቢሆን ይሻለዋል" እያለ መሃል ደረሰ። ሳቅን። አብረን ከሳቅን ስንት ጊዜያችን። ልቤ ደረቴን ሊበሳ ደረሰ፤ እኔ ደግሞ ከፍታ አልፈራም። መምህርቷ ይህን እንዴት ያብራሩት ይሆን?

ከዚያ ድልድዩ መሃል ላይ ቆመ። የረጠበው አስፋልት ይጨሳል። ፊቱን ወደ ዝናቡ አዙሮ አየር ሳበ፣ በጨለማ የቁልፍ ቀዳዳ እንደሚፈልግ ሰው። ቀስ ብሎ፣ "አሁን ምን ይሸታል?" አለኝ።

"ምን ይሸታል ይለኛል እንዴ! ዝናብ ነዋ።"

"ዝናብ እንዴት ይሸታል?"

"እንደ ዝናብ።"

እጄን ለቀቀው። ዳቦውን ገዝተን በታክሲ ተመለስን።

ምን ያለ ጥያቄ ነው? ፈላስፋ አደረገችው ያቺ ልጅ።


ሐሙስ

ተከተልኩት። አዎ። ጃንጥላ ዘቅዝቄ፣ ሻርፕ ተከናንቤ፣ እንደ መናኛ ሰላይ። ሰው ቢያየኝ፣ ለዓምዱ ነው እል ነበር።

ከፋብሪካው በር ብቻውን ወጣ። ሁለት መንገድ አቋርጦ፣ ጠባብ ደረጃ ያለው ፎቅ ውስጥ ገባ። ደረጃው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አነበብኩ። "የአንገት በላይ ሕክምና።" ከሥሩ፦ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም። የሴት ስም።

ማዶ ካለ የጫማ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ሻጩ፣ "ምን ቁጥር?" አለኝ።

ወተቱ። ሽቶው። በቃል ንገሪኝ። ዝናብ እንዴት ይሸታል።

እንደ ዝናብ ብዬ መለስኩለት።

ሲወጣ አፍንጫውን በመሀረብ ይጠርጋል፤ አንገቱን ደፍቷል። ጃንጥላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩት፣ በአጠገቤ አለፈ። ድሮ ቢሆን በአጠገቤ ማለፍ ይችል ነበር? በሻርፕ ሳይሆን በብርድ ልብስ ብጠቀለል ያውቀኝ ነበር።

ሮጬ ልይዘው ይገባኝ ነበር። የደወልኩት ግን ለመምህርቷ ነው። የማውቀው ሰው ነው አልኩ። ከጉንፋን በኋላ ሽታ የሚጠፋባቸው ሰዎች እንዳሉ፣ ሐኪሞች አራት የታወቁ ሽታዎችን ጠዋትና ማታ በማሽተት አፍንጫን መልሶ ማለማመድ እንደሚያዝዙ ነገሩኝ። "ይመለሳል?" አልኩ። "ለብዙዎች ይመለሳል፣ በወራት፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለአንዳንዱ አይመለስም። ላጽናናሽ ብዬ አልዋሽሽም። ብዙዎቹ ደግሞ የምግብ ጣዕም ከመጥፋቱ ይልቅ የወዳጅ ሽታ መጥፋቱ ይከብዳቸዋል። ሰውዬው ሚስት አለው?"

"አለው" አልኩ።


ያው ሐሙስ፣ ማታ

አራተኛው ጽሑፍ ነገ ጠዋት ይፈለጋል። ባሌ ተኝቷል። ልቀስቅሰውና አውቄያለሁ ልበለው እላለሁ፤ ከዚያ ያፍራል እላለሁ። ራሱ ይንገረኝ፣ እላለሁ። በዚህ መሃል እጄ ይጽፋል።

"አንድ የማውቀው ሰው" ብዬ ጀመርኩ። ሻይ ቀማሽ አደረግሁት፤ የሻይ ቅጠል ድርጅት ውስጥ በአፍንጫውና በምላሱ የሚተዳደር ሰው። ከተማውን ለወጥኩ። ሦስት ወንድ ልጆች ሰጠሁት። ሽታው ጠፍቶበት፣ ከሚስቱ ደብቆ፣ በየቀኑ የእሷን ቃል ሰርቆ ሥራ የሚገባ። ሚስቲቱም እንደ ሞኝ ሌላ ሴት ስትፈልግ። በሕይወቴ እንዲህ ጽፌ አላውቅም። አለቀስኩ፣ እያለቀስኩም ዓረፍተ ነገሩን አስተካከልኩ፤ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ማንም አያውቀውም። ሻይ ቀማሽ ነው እኮ።

አሁን ነግቷል፤ ልኬዋለሁ። ባሌ ግን ሥራ ሄዷል። ማታ እነግረዋለሁ።


ማክሰኞ

ሳልነግረው መጽሔቱ ወጣ።

አዘጋጁ ከጽሑፉ መርጦ አንዱን ዓረፍተ ነገር በትልልቅ ፊደል ገጹ መሃል ላይ አስቀምጦታል፦ "ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ከጆሮዋ ጀርባ ያሸታትና፣ 'ፀጉር ቤት ነበርሽ፣ ሽንኩርት ልጠሻል፣ ደግሞ ከሰው ተጣልተሻል' ይላት ነበር።"

ልጄ መጽሔቱን ዘርግታ መጣች። "ማሚ። ይሄ አባቢ ነው።"

"ሻይ ቀማሽ ነው እኮ።"

"ሽንኩርቷ የእኛ ናት" አለች። ከዚያ ፊቷ ተቀየረ። "ቆይ… አባቢ አያሸትም?"

ሁሉን ለወጥኩ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ረሳሁ። አልረሳኋትም፣ ውብ ስለሆነች አስቀረኋት። በዚያ ግብዣ ላይ የነበረ ሠራተኛ ሁሉ በሳቅ ያለቀሰባትን ነገር።

ማታ ኮቱን ሰቀለ። "ሻይ ቀማሹ መጥቷል" አለ።

ተነስቼ ቆምኩ።

"የበሩ ዘበኛ፣ 'ጋሼ፣ አንድ ሻይ ቅመሱልኝ' ሲለኝ አልገባኝም ነበር። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። መጽሔቱ ጠረጴዛው ላይ። ሰኞ ስም ያልተጻፈባቸው ብልቃጦች ይቀርቡልኛል፤ አንድ በአንድ ካላወቅኳቸው…" ቃሉን አልጨረሰም። "እኔ ለአንቺ ለመንገር አፍሬ፣ አንቺ ለአገር ነገርሽ።"

"አንተስ ለምን ደበቅከኝ?" አልኩት። ይህ ነው የመጣልኝ መልስ። ሰው ቤት እሳት ለኩሶ፣ በሩን ለምን ዘጋህ እንደሚል።

"ምን ልበልሽ? ቤት ስገባ የለሽም። ቆመሽ አይሻለሁ፣ ድምፅሽን እሰማለሁ፣ ግን የለሽም። ሳቅፍሽ ፎቶ ያቀፍኩ ይመስለኛል። ይሄ ለሚስት ይነገራል?"

"ሌላ ሴት መስሎኝ ነበር።"

"ሌላ ሴት!" ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። "የራሴዋ መቼ ተገኘችና።" ቁጭ አለ። ከዚያ ወለሉን እያየ፣ "መፈለጉማ አልቀረም። መንገዱ ነው የጠፋኝ" አለ።

ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ። ስልኬ ጮኸ። አዘጋጁ ነው።

አነሳሁት። ለምን አነሳሁት? የልማድ እጅ።

"አንቺ! ስልካችን አላርፍ አለ! ሻይ ቀማሹ ምን ሆነ እያሉ ነው፣ ሚስቱስ ነገረችው ወይ? አምስተኛ ጽሑፍ እንፈልጋለን!"

ስዘጋው ባሌ ክፍሉ ውስጥ የለም።


ዓርብ

አይናገረኝም ማለት አይቻልም። "ጨው አቀብይኝ" ይላል። ጨው ግን ምን ያደርግለታል?

ይቅርታ ማለት ለአንባቢ ስንት ጊዜ መክሬያለሁ። "አጭር ይሁን፣ 'ግን' አይግባበት" ብዬ ጽፌያለሁ፣ በራሴ ፊርማ። እኔ ግን አፌን በከፈትኩ ቁጥር "ግን" ቀድሞ ይመጣል። ግን አንተም። ግን አስቤ ነበር። ግን ከተማውን ለውጬዋለሁ።

ፀጉር ቤት አልሄድኩም።


እሑድ

ከምሳ በኋላ ብልቃጦቹን ራሴ ደረደርኳቸው። መጥቶ ሲያይ ወንበር ሳበ።

ልጃችን ሳትጠራ መጥታ ዕቅድ አወጣች። "አባቢ፣ እኔ ነገ በፋብሪካው መስኮት በኩል እቆማለሁ። አንዴ ካሳልኩ ሎሚ ነው። ሁለቴ ካሳልኩ ጽጌረዳ።"

"ቅርንፉድ ከሆነ?"

"አስነጥሳለሁ።"

"የላቬንደር አበባ ቢያመጡስ?"

"እወድቃለሁ፣ በቃ!"

ሳቀ፤ የድልድዩን ሳቅ። ከዚያ ግን፣ "ብልቃጦቹ ሳይከፈቱ በፊት እኔው እናገራለሁ" አለ። "አላሸትም፣ እላቸዋለሁ። አፍንጫዬ ቢሄድም የስንት ዓመት ቅመማ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። ያቺ አዲሷ ባለሙያ አፍንጫ ትሁን፣ እኔ አስተምራታለሁ፤ ካላባረሩኝ።"

"ሊያባርሩህ ይችላሉ?"

"ይችላሉ። አፍንጫ ብለው ነው የቀጠሩኝ።"

ልጃችን ወጣች። ወረቀቱን እየነከርኩ አቀበልኩት። ዛሬ በደንብ ነገርኩት፣ ሳያስለምነኝ። ስለ ዝናቡም ሳይጠይቀኝ ነገርኩት፦ የቀዘቀዘ ብረት፣ አቧራ ሲረጥብ፣ ገና የተከፈተ የሸክላ ማሰሮ አፍ። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። "ያዝኩት" አለ። ያዘው ወይስ ላስደስታት ብሎ ነው? አላውቅም።

ቅርንፉዱ ላይ ፊቱን ኮስተር አደረገ። "የሆነ ነገር… የሚፋጅ።"

"ሸተተህ?"

"አላውቅም። አትጠይቂኝ።"

እና ተነስቼ ብልቃጦቹን ልሰበስብ ስል ከኋላዬ መጣ። ፊቱን ከጆሮዬ ጀርባ አደረገ። ሽቶ አልተቀባሁም፤ ሽንኩርትም አልላጥኩም። ትንፋሼን ያዝኩ።

"ምን ይሸታል?" አልኩት።

"ምንም።"

አልሄደም ግን። ግንባሩ አንገቴ ላይ እንዳለ ቆየ።

"ምንም ካልሸተተህ እዚያ ምን ታደርጋለህ?"

"ይሞቃል" አለ።

መምህርቷ ይህን በየትኛው ጥናት ውስጥ እንደሚያስገቡት አልጠይቃቸውም። ብልቃጡ ከእጄ ወድቆ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፤ ቤቱ እስካሁን ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይላል። ሌላው ለደብተርም አይጻፍም።


ሰኞ

አዘጋጁ ጠዋት ሁለቴ ደውሏል። ሁለቴም ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ሻይ ቀማሹ ምን እንደሆነ መጽሔቱ አያውቅም፤ ወደፊትም አያውቅም።

ባሌ ጫማውን ሲያስር አብሬህ ልምጣ አልኩት። "ጃንጥላሽን እንዳትዘቀዝቂ እንጂ ነይ" አለኝ። አይቶኝ ነበር! ያን ዕለት። በአካሄዴ ነው ያወቀኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ይዞት!

ይህን የምጽፈው ፋብሪካው በር ላይ፣ ከዘበኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ዘበኛው ስለ ሻይ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ወንበሩን ግን በክንዱ ጠርጎ ሰጠኝ። ባሌ ከገባ ቆየ። ከሳሙናው የትኛው መዓዛ እንደሚመጣ እያሸተትኩ ነው፣ ሲወጣ እንድነግረው፦ ሎሚ፣ ትኩስ፣ ልጣጩ ገና ሲቀደድ።

ሌላም የምለው አለኝ። "ግን" የሌለባት አንዲት ቃል ናት፤ ከዚያ በር እንደወጣ፣ ምን እንዳሉት ሳልጠይቀው በፊት እላታለሁ። ምን ብሎ እንደመለሰልኝና እነሱ ምን እንደወሰኑ ከዚህ መስመር ሥር እጽፈዋለሁ፤ መጀመሪያ የሚያነበውም እሱ ነው።

በሩ ተከፈተ።